ዘይት፣ ቅቤና መንገድ፦ ለአንድ ረዳት የዘገየ መልስ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፣ ጊዜ ስታገኙ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ታሪክ ነው፤ ግን የንጉሥና የዙፋን ታሪክ አይደለም። የዘይት ታሪክ ነው። አዎ፣ ወጥ የምንሠራበት ዘይት።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት በደረሰኝ አንድ መልእክት ነው። የላከልኝ ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል። አሁን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነው። እንዲህ ይላል፦ "ቲቸር ሰላም ነዎት? እንዳሉኝ ረዳት ሆኛለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የምንኖረው መኪናው ላይ ነው፣ የምናበስለውም እዚያው ነው። ዘይት ገዝተን ወር ሳይሞላው ይከረፋብናል። ድሮ ፍሪጅ ሳይኖር ሰው እንዴት ያደርግ ነበር? እርስዎ የድሮ ነገር ስለሚያውቁ ነው።"

"እንዳሉኝ" የምትለዋ ቃል ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወዲያው ትዝ አለኝ። 10ኛ ክፍል እያለ ያረፍዳል፣ የቤት ሥራ አይሠራም። አንድ ቀን ተናድጄ በክፍሉ ሁሉ ፊት "አንተ እንዲህ ከቀጠልክ ረዳት ነው የምትሆነው" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። የሚያሳፍረው ደግሞ ይሄን ያልኩት እኔ ራሴ የሹፌር ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ በከባድ መኪና አሰብ እየተመላለሰ ነው ያሳደገኝና ያስተማረኝ።

ስለዚህ ለጥያቄው በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልቻልኩም። ልጁ ሳያውቀው ትልቅ የታሪክ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ሰው በመንገድ ላይ ሲኖር፣ በግመልም ይሁን በመርከብ ወይም በጋሪ፣ ስቡን ሳይበላሽበት እንዴት ነበር የሚይዘው?

መጀመሪያ ዘይት ለምን እንደሚከረፋ እንይ። እኔ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሁም፤ የኛን ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ሻይ ጋብዤ ነው ያስረዳኝ። የዘይትና የቅቤ ጠላቶች አራት ናቸው አለኝ፦ አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና ውሃ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከዘይቱ ጋር እየተዋሃደ ጣዕሙንና ሽታውን ይለውጠዋል። ብርሃንና ሙቀት ይሄን ያፋጥኑታል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። አዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ 20 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ዘይትና አፋር በረሃ 40 ዲግሪ ላይ ያለ ዘይት ቢወዳደሩ፣ የአፋሩ አራት እጥፍ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ጋቢና ደግሞ ከውጭው አየርም ይብሳል። ውሃ በተለይ የቅቤ ጠላት ነው፤ እርጥበት ባለበት ተሕዋስያን ይራባሉ።

አምስተኛ ጠላትም አለ፤ አሮጌ ቅሪት። የተበላሸ ዘይት ጥቂት ጠብታ አዲሱ ላይ ሲጨመር እንደ እርሾ ነው የሚሠራው፤ አዲሱን ይዞት ይሄዳል። ይቺን እርሾ ያዟት፣ ሮም ላይ እናገኛታለን።

አሁን ወደ ታሪኩ። ያስተማርኳችሁ ልጆች "ፔሪፕለስ ኦፍ ዘ ኤሪትሪያን ሲ" የሚባለውን ሰነድ ታስታውሳላችሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ የንግድ መመሪያ ነው። አዱሊስና ንጉሥ ዞስካለስ ሲነሱ ሁሌ የምንጠቅሰው እሱን ነው። ፈተና ላይ "ከአዱሊስ ወደ ውጭ ይላክ የነበረው ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ እናንተም "የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የኤሊ ድንጋይ" ትላላችሁ። ወደ ውስጥ ይገባ የነበረውን ግን ብዙም አናይም። እዚያ ዝርዝር ውስጥ መጠኑ ጥቂት የሆነ የወይራ ዘይት አለ። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ የሶማሌ ጠረፍ ስለምንለው አካባቢ ሲጽፍ፣ ከሕንድ የሚመጡ መርከቦች ስንዴ፣ ሩዝ፣ የሰሊጥ ዘይትና ቅቤ ያራግፉ እንደነበር ይዘረዝራል። ቅቤ! ሊቃውንቱ የነጠረ ቅቤ ነው ብለው ነው የሚተረጉሙት።

እስቲ አስቡት። ከምዕራብ ሕንድ ተነስቶ በነፋስ ብቻ እየተገፋ፣ ሰፊ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ወበቁ በማይቻል መርከብ ሆድ ውስጥ ቅቤ ይመጣል። ለጋ ቅቤ ቢሆን ወደቡ ሳይደርስ ተበላሽቶ ነበር። የነጠረ ስለሆነ ግን ይሸጣል። ይሄ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ነው።

ከዚያው ዘመን ወደ ሮም ከተማ እንሂድ። ሮም ውስጥ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ። ተፈጥሮ የሠራው አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ የተሰበረ ገንቦ ክምር ነው። ሮማውያን በአብዛኛው ከደቡብ ስፔን፣ ከፊሉንም ከሰሜን አፍሪካ፣ የወይራ ዘይት በትልልቅ የሸክላ ገንቦዎች በመርከብ ያስመጡ ነበር። አንዱ ትልቅ ገንቦ 70 ሊትር ገደማ ይይዛል። ተመራማሪዎች እዚያ የተጣሉት ገንቦዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ይገምታሉ።

ለምን ጣሉት? ደህና ገንቦ ሰው ይሰብራል እንዴ? መልሱ ያቺ እርሾ ናት። ሸክላው ዘይቱን ይመጠዋል፣ የተመጠጠው ይከረፋል፣ ታጥቦም አይለቅም። አዲስ ዘይት ቢጨመርበት ይበላሻል። ስለዚህ ዘይቱን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡና ገንቦውን ሰብረው በሥርዓት ይከምሩታል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች እንደሚሉት ክርፋቱን ለማፈን ኖራ ይነሰንሱበት ነበር። አሮጌ ዕቃ ላይ አዲስ ዘይት ላለመጨመር ሲሉ ኮረብታ ሠሩ!

እኛ አገርስ? እዚህ መልሱ በየቤታችሁ ምድጃ ላይ ነው ያለው። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ምን እያደረጉ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ለጋ ቅቤ ሲታይ ሙሉ በሙሉ ስብ ይመስላል እንጂ ከ100 ግራም ውስጥ ቢያንስ 15 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ የአገር ቤቱ ከዚህም ይበልጣል። ከውሃው ጋር የወተት ዝቃጭ አለ፣ ተሕዋስያን የሚመገቡት እሱን ነው። በዝግታ እሳት ስትጥደው ውሃው እየተንጣጣ ይተናል። አረፋው ይገፈፋል። ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ ለሽታ ብቻ የሚገባ ይመስለን ነበር። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን ከነዚህ ቅመሞች ውስጥ ስቡ ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን ውህደት የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች ያሏቸው አሉ ብሎኛል። መጨረሻ ላይ ይጠለላል፣ በደረቀ ዕቃ ይገለበጣል፣ ይከደናል። ከአራቱ ጠላቶች ውሃው ተነነ፣ አየሩና ብርሃኑ በክዳን ተዘጋባቸው፤ የቀረው ሙቀት ብቻ ነው።

ይሄ የጓዳ ጥበብ ብቻ አልነበረም፣ የመንገድም ጥበብ ነው። የሲራራ ነጋዴ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከቤቱ ርቆ ይከርማል። የድሮው ወታደር ደግሞ መንግሥት ቀለብ እየሰፈረ አልነበረም የሚያዘምተው፤ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። እነዚህን ምን ያመሳስላቸዋል? ሁሉም ውሃቸው የወጣ ምግብ ነው። ጭኮን ተመልከቱ፦ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ። ውሃ የለበትም፣ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል፣ ትንሽ በልተህ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለህ።

ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. አገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ላይ የኦሮሞ ተዋጊዎችን ስንቅ ይገልጻል። ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በቅቤ ይለወሳል፣ እንደ ኳስ ይድቦለቦልና በቆዳ ከረጢት ይያዛል። አንዷ ድቡልቡል አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ታቆየዋለች ይላል። ቡናና ስብ በአንድ ጉርሻ! ዛሬ ውጭ አገር "ቡና በቅቤ" አዲስ ግኝት ተብሎ በውድ ሲሸጥ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ስንቅ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዓድዋን ስናስተምር መድፉን፣ ጀግንነቱን፣ የጦር ዕቅዱን እንተርካለን፣ ልክ ነው። ግን ከየካቲት 23 ቀን 1888 በፊት በነበሩት ቀናት የሁለቱም ወገን ትልቁ ጭንቀት ስንቅ ነበር። የኛም ሠራዊት ስንቅ እየሳሳ ነበር፣ የባራቲየሪም ጦር የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነበር። ጀኔራሉን ከምሽጉ ገፍተው ካወጡት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። የበሶውና የድርቆሹ ታሪክ ከዓድዋ ታሪክ ውጭ አይደለም።

አሁን የልጁን ጥያቄ በጣም ወደሚመስል ታሪክ ልውሰዳችሁ። ልጁ የሚኖረው በተሽከርካሪ ላይ ነው። በተሽከርካሪ ላይ ለወራት የኖሩ ሰዎች ታሪክ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚታወሰኝ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የጋሪ ጉዞ ነው። ከ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች በሸራ በተሸፈነ፣ በሬ ወይም በቅሎ በሚጎትተው ጋሪ ከሚዙሪ ወንዝ ተነስተው በነባር ሕዝቦች ምድር አቋርጠው ወደ ኦሪገን ይጓዙ ነበር። ርቀቱ 3200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ጋሪው ቤታቸውም ጓዳቸውም ነው። ላም ያለው ሰው ጠዋት ያለበውን ወተት በዕቃ አድርጎ ጋሪው ላይ ያንጠለጥላል፤ ማታ ሲቆሙ የመንገዱ ጉብታ ራሱ ንጦት ቅቤ ሆኖ ያገኘዋል። መንገዱ ነው የሚንጠው!

በ1859 እ.ኤ.አ. ራንዶልፍ ማርሲ የሚባል የአሜሪካ ጦር ካፒቴን ለነዚህ ተጓዦች አንድ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ውስጡ ምን እንደሚጫን፣ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ ምግብ እንዴት እንደሚያዝ ሁሉ አለ። የአሳማ ሥጋ ስቡ በሙቀት ቀልጦ እንዳያልቅ በሣጥን ውስጥ ዙሪያውን ፉርሽካ ይደረግበት ይላል። ፉርሽካው ሙቀት ይከለክላል። ስለ ቅቤ ደግሞ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፦ ቅቤውን በደንብ አፍሉት፣ አረፋውን ከላይ እየገፈፋችሁ እንደ ዘይት እስኪጠራ ድረስ፤ ከዚያ በቆርቆሮ ዕቃ አድርጋችሁ በብየዳ ድፈኑት፤ በሞቃቱ ደቡብ ቴክሳስ ተሞክሮ ረጅም ጊዜ ይቆያል ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄ እኮ ንጥር ቅቤ ነው! ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ነው የጎደለው። ካፒቴኑ የወሎ እናት አላስተማረችውም፣ የወሎ እናትም መጽሐፉን አላነበበችም። ሕንዱ ነጋዴ፣ የኛ ስንቅ አዘጋጅ ሴት፣ የቴክሳስ ተጓዥ፣ ሁሉም አንድ ጠላት ገጠማቸው፣ አንድ መልስ ላይ ደረሱ፦ ውሃውን አውጣ፣ አየሩን ዝጋ፣ ከሙቀት ሰውረው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ አባቴ ጋ ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ ቤት ነው፣ ወገቡን ያመዋል፣ የረጅም ዓመት መሪ ያመጣው ነው። "አባባ፣ አሰብ ስትመላለስ ቅቤ እንዴት ነበር የምትይዘው?" አልኩት። መልሱን ሳይጨርስ እኔም አስታወስኩት። የኒዶ ቆርቆሮ። እናቴ ቅቤ አንጥራ፣ ቀዝቀዝ ሲል በታጠበና ፀሐይ ላይ በደረቀ የኒዶ ቆርቆሮ እስከ አፉ ትሞላዋለች። ክዳኑ ሥር ላስቲክ ታደርጋለች። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሲወርድ ከወንበሩ ኋላ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። "ሞተሩ ጋ አላስጠጋውም፣ እርጥብ ማንኪያ አላስገባበትም። ቅቤን የሚገድላት ውሃ ነው" አለኝ። ማርሲን አላነበበም፣ ስምንተኛ ክፍልም አልጨረሰም።

ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እኔ ልጅ ነበርኩ። የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ አባቴም አብሮ ዞረ፣ የኒዶ ቆርቆሮውም አብሮት ዞረ። ይሄ ዛሬ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ታሪክ ነው። የኛ ቤት ትዝታ ግን ያቺ ቆርቆሮ ናት።

እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ላንተ ልመልስ። ሎግያ፣ ሰመራ፣ ዲቸኦቶ፣ ጋላፊ እያልክ ስትወርድ እነዚህን ያዝ።

1ኛ፣ 5 ሊትሩን እየከፈትክ እየዘጋህ ወር አታቆየው። በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር የአየሩ ቦታ ይሰፋል። በትንንሽ ደረቅ ዕቃዎች እስከ አፉ ሞልተህ ከፋፍለው፣ አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ክፈት።

2ኛ፣ ከብርሃን ደብቀው። የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለው። ዳሽቦርድ ላይ፣ ሞተር አጠገብ፣ የጭስ ማውጫ ባለበት በኩል ያለ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጠው።

3ኛ፣ የውሃ ጀሪካናችሁን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ እንደምታቀዘቅዙት ሁሉ ዘይቱንም ማቀዝቀዝ ትችላለህ። ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አፋር አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል፤ ወደቡ ጋ አየሩ ርጥብ ስለሆነ ያን ያህል አይረዳህም። ክዳኑ ግን ጥብቅ ይሁን፣ ውሃ እንዳይገባ።

4ኛ፣ የሮምን ገንቦ አትርሳ። የተጠበሰበትን ዘይት ወደ አዲሱ አትመልስ። የድሮው ሳይታጠብና ሳይደርቅ አዲስ አትጨምርበት። የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ላይ ደግሞ ምንም ብታጥበው የሚበላ ነገር አታድርግ። ክርፋትና መርዝ አንድ አይደሉም።

5ኛ፣ የዘይቱን ዓይነት እወቅ። የኑግና የሱፍ ዘይት ሙቀት ላይ ቶሎ ይለወጣሉ፣ ትንሽ ትንሽ ነው መግዛት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ይበልጥ ይቆያል፤ የሚረጋ ስብ ሲበዛ ግን ለልብ አይመከርም፣ ስለዚህ ስለሚቆይ ብቻ አታብዛው። ከቤት ስትወጣ እናትህ በደንብ የተጣራ ንጥር ቅቤ በቆርቆሮ ብትሰጥህ ደግሞ የ2000 ዓመት ልምድ ይዘህ ሄድክ ማለት ነው።

6ኛ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈህ ጋቢና ውስጥ አታቆይ። አየር በሌለበት የሚያድግና ሽታው የማይታወቅ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ አለ። ስታበስል ጨምረው፣ በዚያው ብላው።

በመጨረሻ አፍንጫህን እመን። የቤት ቀለም ወይም ያረጀ ለውዝ ከሸተተህ ድፋው። ብሩ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ በዛሬ የዘይት ዋጋ። ለዚህ ነው ከመበላሸቱ በፊት ከፋፍለው የምልህ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ለዓመታት ስለ አዱሊስ ሳስተምር ስለ ነገሥታቱ እንጂ ጭነቱን ስለተሸከሙት፣ ግመሉን ስለሳቡት፣ መርከቡ ውስጥ ምግብ ስላበሰሉት ሰዎች አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። አዱሊስን አዱሊስ ያደረጓት ግን እነሱም ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ የምናነሳው ብዙ ዕቃ፣ ያ ዘይት ራሱ ጭምር፣ በናንተ መንገድ ነው የሚመጣው። እናንተ መኪናው ሥር ሽሮ ስትሠሩ፣ ወደቡ ላይ ወረፋ ስትጠብቁ፣ እኛ ቤታችን እንበላለን።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ረዳትነትን ስድብ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ። አንተን ብቻ ሳይሆን አባቴንም ነው የሰደብኩት። በክፍሉ ሁሉ ፊት ስለሆነ ያልኩት፣ ይቅርታውንም በሰው ሁሉ ፊት ነው የምለው። ይቅርታ። አሁን ክፍል ውስጥ ያ አባባል ከአፌ አይወጣም። የስንቅ ታሪክ የሚል አንድ ክፍለ ጊዜ ጨምሬያለሁ፣ ዘንድሮ ልጆቹ ከዓድዋው መድፍ እኩል ነው የወደዱት።

በኮምቦልቻ በኩል ካለፍክ ደውልልኝ። የኒዶ ቆርቆሮው አሁንም እናቴ ጓዳ አለ፣ ሞልታ ትጠብቅሃለች። አባቴም የመንገዱን ወሬ ሊጠይቅህ ይፈልጋል።

ሌሎቻችሁም አባቶቻችሁ፣ አያቶቻችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ መንገድ ላይ ስትከርሙ ቅቤና ዘይት እንዴት ትይዙ እንደነበር ጻፉልኝ። በተለይ የደቡብና የምሥራቅ ልጆች፣ የቅሉንና በወይራ የሚታጠነውን ዕቃ ነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

መንገዳችሁ ሰላም ይሁን።